ሦስቴ ድፋው

ባሌ ውሃ መድፋት አይችልም ነበር። ለሶላት ውዱእ ያደረገበትን ውሃ እንኳ በጣሳ ተቀብሎ ደጃፋችን ካለችው የሎሚ እግር ሥር ያፈስላታል። ሎሚዋ አንድ ቀን አፍርታ አታውቅም፤ እሱ ግን ተስፋ አይቆርጥባትም። እኔ ድስት ሳለቀልቅ ካየኝ ዓይኑ ይከተለኛል፤ እጣቢውን የት እንደማደርሰው ሳያይ ፊቱን አይመልስም። በተጋባን ሰሞን ይሄ ነገሩ ያስቀኝ ነበር።

ስሙ በድረዲን ነው፤ አገሩ በድሩ ይለዋል። ሰፈራችን ከቆቦ ወደ ጎብዬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ሜዳው ላይ ነው። ለእኛ ዝናብ እምብዛም አይዘንብልንም፤ የሚዘንበው በላይ፣ ደጋው ላይ ነው። እኛ ጎርፉ ሲወርድ ጠብቀን እየጠለፍን ማሳችንን እናጠጣለን። የማን ማሳ መጀመሪያ፣ የማን ቀጥሎ እንደሚጠጣ የሚዳኘው ሰው የውሃ አባት ይባላል፤ የእኛ ሰፈር የውሃ አባት በድሩ ነበር። እሱ ደግሞ ከመዳኘትም አልፎ ውሃውን ያውቀዋል ይሉታል። ጎርፉ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ በመዳፉ ይዘግንና በጣቶቹ ያሸዋል። ጠርቶ የመጣ እንደሆነ “ይሄ ባዶውን ነው፤ ይለፍ” ይላል። ደፍርሶ፣ ቡናማ ሆኖ እጁ ላይ የተለጠፈ እንደሆነ ግን “ስቡን ይዞ መጥቷል! ጥለፉ!” ብሎ ይጮሃል፤ ጎረምሳው ሁሉ አካፋውን ይዞ ይሮጣል። ያን ውሃ የጠጣ መሬት ግመል የሚሰውር ማሽላ ይሰጣል። በዚህ ነገር ተሳስቶ አያውቅም። ይሄን የምለው እሱን ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ ኋላ ጉድ የሠራን በዚሁ በሚያውቀው ነገር ስለሆነ ነው።

አላህ ሁለት ልጅ ሰጠን። ትልቁ መህዲ እንደ እኩዮቹ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ወጣ። ከኦቦክ፣ ከባሕሩ አፋፍ ደውሎ “ጀልባ ልንሳፈር ነው፤ ዱዓ አድርጉልኝ” አለን። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ሞተ እንዳንል መርዶ አልመጣ፣ አለ እንዳንል አይደውል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሰው ለቅሶም አይቀመጥ፣ ደስም አይለው፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ እያለ መኖር ብቻ ነው።

ታናሿ ሰይዳ ናት። ቁመቷ የአባቷ፣ ምላሷ የእኔ። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤት ሳይመጣላት ቤት ዋለች። የሰፈሩ ልጃገረድ አንድ በአንድ እየተነሳ ዋጃ ላለው ደላላ እጁን ሲሰጥ ታያለች። ክረምቱ የከዳን ጊዜ፣ በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ እሷም አንድ ቀን ማሽላ እያበጠርን ሳለን “እማ፣ እኔም ልሂድ ነው” አለችኝ።

“ወዴት?”

“የምታውቂውን ምን ትጠይቂኛለሽ?”

“የመን እኮ እሳት እየነደደባት ነው! ሬዲዮ አትሰሚም አንች?”

“እኛ እዚያ ልንኖር አይደለም፤ አልፈን ነው የምንሄደው። እዚህስ ምን አለኝ? ዘንድሮ ጎርፍ እንኳ አልመጣ።”

እውነቷን ነው። በዚያ ዓመት ቡናማውም የጠራውም አልመጣም። በድሩ ሁልጊዜ ጠዋት አካፋውን ተሸክሞ ወደ ደረቀው ቦይ ይወርድና ተቀምጦ ደጋውን ያያል። ልጁ እንደምትሄድ የነገርኩት ቀንም እዚያው ቦይ ሄዶ ሲቀመጥ ዋለ።

በዚህ መሃል ነው ሸዋዬ የመጣችው። ሸዋዬ የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ናት፤ ሥራ የሌላቸውን ልጆች መዝግባ ችግኝ ማፍላት ልታሠለጥን ሰይዳን ቆቦ ወሰደቻት። ልጄ ከስልጠናው ስትመለስ ባጃጅ ሙሉ ዕቃ ጭና መጣች፤ ጎድጓዳ ጎድጓዳ ዓይን ያለው ጥቁር የላስቲክ ትሪ፣ የቲማቲም ዘር፣ ደግሞም ጡብ የሚመስል ነገር። ጡቡን አንስቼ ሳየው ቀላል ነው።

“ይሄ ደሞ ምንድን ነው? ኩበት ነው?” አልኳት።

“ኮኮፒት ይባላል። ኮኮናት የሚባለው ፍሬ አለ አይደል? እንደ ቃጫ ያለው የቅርፊቱ ጭረት ነው። ፈጭተው፣ ጨምቀው፣ አድርቀው ነው እንዲህ የሚያደርጉት። ዘር ይዘራበታል።”

“በአፈር ፋንታ? የምንበላው አጣን እንጂ አፈር መች አጣን!”

ሳቀች። “የእኛ አፈር ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ትንሽ ዘር ያንቃል እማ። ይሄ ግን ልቅ ነው፤ ሥሩ እንደፈለገ ይሄድበታል፣ ውሃም ይይዛል። ችግኙ ሲደርስ ሥሩ ሳይበጠስ መዘዝ ታደርጊዋለሽ።” ከጡቡ ጥግ ቆርሳ ሳህን ላይ አስቀመጠችና በኩባያ ውሃ አፈሰሰችበት። እንደ ሊጥ እየኮፈሰ ሳህኑን ሞላው። “አየሽ ሆዳሙን!” ብላ በሳቅ ፈነዳች። መህዲ ከሄደ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከእኛ በታች በጉድጓድ ውሃ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ቲማቲም ይተክላሉ፤ ችግኝ የሚያገኙት ግን ከሩቅ ነው፤ ግማሹ መንገድ ላይ ይጠወልግባቸዋል። የሰይዳ ችግኝ ከደረሰ ከደጃችን ሊወስዱላት ቃል ገብተዋል። ይሄን ስትነግረን ነው አባቷ ፊት ቁጭ ብላ የተናገረችው።

“አባ፣ ደላላው መስከረም ላይ ነው የሚያንቀሳቅሰን። ይሄ ችግኝ ከበቀለልኝ እቀራለሁ። ወላሂ እቀራለሁ፤ እዚሁ ሠርቼ እበላለሁ። ካልበቀለልኝ ግን አንድ ቃል እንዳትናገሩኝ። እንዳታለቅሱብኝም።”

በድሩ እጁን ራሷ ላይ ጫነ። “ኢንሻአላህ ይበቅላል። እኔ እያለሁ የማይበቅል ነገር የለም ልጄ።”

ጡቡ ሊዘፈዘፍ በተባለበት ሰሞን ሰይዳን ወባ ጣላት። በዚያ ሙቀት ሁለት ጋቢ ደርበንባት ትንቀጠቀጣለች። እንዲያም ሆና ከመደቡ ላይ አባቷን ታዘዋለች።

“አባ፣ ጡቦቹን በርሜል ውስጥ ዘፍዝፋቸው። አንዷን ብቻ ለሌላ ጊዜ አስቀራት። ሲያብጡ ውሃው ይደፈርሳል፤ ያን ውሃ ድፋው። ሌላ ጨምርና ድፋው። ሦስቴ ድፋው።”

“ሦስቴ?”

“ሦስቴ። ሸዋዬ ደጋግማ ነው የነገረችን።”

“እሺ። አንች ብቻ ዳኝልኝ።”

እኔ ለማጠቢያው ተጨማሪ ውሃ ልቀዳ አህያዋን ጭኜ ወደ ቦኖው ወረድኩ። በዚያ ድርቅ ቦኖ ላይ የሚሆነውን ለማን ልናገር፤ ሴቱ በጀሪካን ይፈነካከታል። ፀሐይ አናቴን ስትመታኝ ቆይቼ ስመለስ በድሩ እጀታውን ሰብስቦ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብሏል። ፊቱ በርቷል። ጎርፍ የመጣ ቀን ካልሆነ እንዲያ አይበራም።

“ታጠበ?” አልኩት።

“ታጠበ።”

“ሌላ ውሃ ላምጣ?”

“ይበቃል፤ አንች ዕረፊ።”

ወገቤ ተቆርጦ ነበርና አልሃምዱሊላህ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያደረገውን የሰማሁት ኋላ ከራሱ አፍ ነው። ጡቡን ይዘፈዝፈዋል፤ ያብጣል፤ ውሃው ይደፈርሳል። እጁን ከትቶ ቢዘግነው ቡናማ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ደግ ዘመን ላይ ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ቁርጥ። በዚያ ዓመት ዓይኑ እንዲህ ያለ ውሃ አላየም። ሲያሸው ጣቱ ላይ ይለጠፋል። ልጁ ደግሞ ይሄን ደረቅ መሬት ላይ ድፋው ትለዋለች! ትኩሳቱ ነው የሚያናግራት አለ። ደግሞም የከተማ ሰው ስለ ውሃ ምን ያውቃል አለ። ጭረቱን ጨምቆ አወጣና ቡናማውን ውሃ አንዲት ጠብታ ሳያባክን ሌላ በርሜል ውስጥ ገልብጦ በቆርቆሮ ከደነው። ስቡን ለልጁ ዘር ሊያበላላት ነው። ለማንም አልተናገረም፤ ደስ ሊያሰኛት ፈልጎ።

ሰይዳ ዳነች፤ ገና ጉልበቷ ሳይጠና ትሪውን ሞልታ ዘሯን ዘራች። ግቢው ጥግ በሳር ዳስ ሠራንላት፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠርን። አንድ ጠዋት “እማ ነይ! ነይ እይው!” ብላ ጮኸች። እባብ የነደፋት መስሎኝ ሮጥኩ። ከጥቁሩ ትሪ ላይ አረንጓዴ ሁለት ሁለት ቅጠል ብቅ ብቅ ብሏል። በድሩ ከኋላዬ መጥቶ ጮክ ብሎ “አላሁ አክበር!” አለ። ሰይዳ እዚያው ቆማ ለጓደኛዋ ደወለችና “እኔን እንዳትጠብቁኝ፤ ቀርቻለሁ” አለቻት። ይሄን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጄ ቀርታልኝ ነበር።

ቀን ቀን ሰይዳ ከቦኖው ውሃ ጥቂት ታጠጣቸዋለች። በድሩ ደግሞ ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ፣ እኛ ሳንነሳ፣ ቆርቆሮውን ገለጥ አድርጎ በጣሳው ከቡናማው ውሃ ያጠጣቸዋል። የቆቦ ፀሐይ ደግሞ በርሜሉን ከላይ እየጠጣች ውሃው ቀን በቀን ይወፍራል።

ብዙም ሳይቆይ የቅጠሉ ጠርዝ እየጠቆረ መጣ። ጫፉ የተለበለበ ይመስላል። ሰይዳ ፀሐይ በዝቶባቸው ይሆናል ብላ ዳሱ ላይ ሳር ጨመረች። በድሩ ከስተዋል ብሎ ከቡናማው ጨመረላቸው። እነሱ ሲጠወልጉ እሱ ይጨምራል፤ እሱ ሲጨምር እነሱ ይጠወልጋሉ። የጎረቤታችን የጌጤ ፍየል ደግሞ አጥር እየጣሰች መከራችንን ታበላናለች። ችግኝ ብትበላ ምንም አይደንቅም፤ እሷ ግን ትሪውንና የበርሜሉን ከንፈር ነው የምትልሰው። “የጌጤ ፍየል እንደ ጌጤ ናት፤ የምትበላውን አታውቅም” ብዬ በድንጋይ አባረርኳት። ለካ ከቤቱ ሁሉ ነገሩን ያወቀች እሷ ነበረች።

ችግኙ አለቀ። ሰይዳ ትሪው አጠገብ ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ ትመዛቸዋለች፤ ሥር የላቸውም፤ የተቃጠለ ክር የሚመስል ነገር ነው የሚወጣው። ለሸዋዬ ደወለች። በዚያ ድርቅ የግብርና ሰው ሁሉ እርዳታ እህል ለማከፋፈል ወደ ሩቅ ቀበሌ ተበትኖ ነበር፤ ስልኳ አይሠራም። ሰይዳ የቀረውን ዘር ከፍላ እንደገና ዘራች። እንደገና በቀለ፤ እንደገና ሞተ።

አመሻሽ ላይ ደጃፍ ተቀምጣ መዳፏን ገልብጣ ስታይ አገኘኋት።

“እማ፣ እጄ በረካ የለውም?”

“ዝም በይ! እንዲህ አይባልም።”

“አንች የነካሽው ይበቅላል። አባ የነካውማ ተይው። በእኔ እጅ ብቻ ነው የሚሞት።”

አቅፌያት ተቀመጥኩ። በድሩ ከውስጥ ይሰማል። ይሄን ጊዜም ነገሩ አልገባውም፤ ችግኙ የሞተው ስቡ ስላነሰው ነው ብሎ ያምናል።

መስከረም ጠባ። ሰይዳ ልብሷን በፌስታል ቋጠረች። በርሜል ውስጥ ያልገባችውን አንዷን ጡብና ከዘሩ የተረፈውን መደቡ ላይ አስቀመጠችልኝ።

“ይችን እናንተ በእጃችሁ ሞክሯት” አለች። “ከበቀለች ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው። ካልበቀለች መሬቱ ነው።”

አስፋልት ድረስ ሸኘናት። የአባቷን ትከሻ ሳመች፣ እኔን ሳመች፣ ወደ ዋጃ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። አንድ ቃል እንዳትናገሩኝ ብላን ነበርና አንድ ቃል አልተናገርናትም። እንባዬን እንኳ መኪናው እስኪርቅ ያዝኩት።

ሸዋዬ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ፊቷ በፀሐይ ከስሏል፣ ጫማዋ ተቀዷል። “ሰይዳስ?” አለችን። “ሄደች” አልኳት። ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ቆይታ ተነሳችና ወደ ዳሱ ገባች። ከትሪው ላይ ጭረቱን ቆንጥራ አሸችው።

“ጋሽ በድሩ፣ ታጥቦ ነበር?”

“ታጥቧል።”

“ውሃው ተደፍቷል?”

በድሩ ፈገግ አለ። አላህ ምስክሬ ነው፣ ፈገግ ነው ያለው። እጇን ይዞ ወደ በርሜሉ ወሰዳትና ቆርቆሮውን ገለጠላት። “ስቡን እንዴት እደፋዋለሁ? ለዘሩ ነው ያጠጣሁት። ይኸው፣ የተረፈው አለ።”

ሸዋዬ ጣቷን ነክራ ምላሷ ላይ አደረገችና እንትፍ አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። “ይቅመሱት” አለችው ቀስ ብላ።

ቀመሰ። በድሩ ዕድሜ ልኩን ውሃ በእጁ አሽቷል እንጂ ቀምሶ አያውቅም።

“ጨው ነው” አለ።

“ኮኮናት ባሕር አጠገብ ነው የሚበቅል፤ ጭረቱንም በጨው ውሃ ይዘፈዝፉታል። ሦስቴ ድፉት ያልነው ጨውን እንዲለቅ ነው።” ሌላ ልትናገር አፏን ከፍታ እኔን አየችና ተወችው።

እኔ ግን አልተውኩትም። “ታጠበ አላልከኝም? ‘ታጠበ’ አላልከኝም አንተ ሰው?” ብዬ ደረቱን በቡጢ መታሁት። መህዲን ባሕር በላብኝ፤ ሰይዳን ደግሞ ያ ባሕር ቤቴ ድረስ በጡብ መጥቶ ወሰደብኝ። ይሄን ሁሉ እየጮህኩ ነገርኩት። እጄን አልያዘም፣ ዘወርም አላለም።

“ውሃ ነበራ አሲያ” አለኝ። “ቡናማ ውሃ ነበር።”

በዚያው ቀን ዋጃ ሄዶ የደላላውን በር ደበደበ። ልጆቹ በጭነት መኪና ወደ አፋር ተጭነዋል አሉት። ስልኳን ብንደውል ብንደውል የምትመልስልን ያች “የደወሉላቸው ደንበኛ” የምትል ሴት ናት። በድሩ እሷንም ይለምናት ነበር። “እባክሽ ልጄ፣ አገናኝን” ይላታል።

ከዚያ ያችን የቀረችውን ጡብ አወጣት። “ውሃ አምጭልኝ” አለኝ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ አህያዋን ጭኜ ወረድኩ። ጡቧ በርሜል ውስጥ አብጣ ውሃው ሲደፈርስ፣ በድሩ በርሜሉን አጋደለና ውሃውን በሙሉ አቧራው ላይ ደፋው። ጌጤ ከቤቷ ወጥታ “ኧረ በድሩ! ምን ነካህ?” አለች። ሰው ተሰበሰበ። የውሃ አባት፣ በድርቅ ዓመት፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ደጁ ላይ ሲደፋ ማን ያየ አለ? አበደ አሉ። እሱ ማንንም አላየም። ሁለተኛውን ጨመረ፣ ቀመሰው፣ ደፋው። ሦስተኛውን ጨመረ፣ ቀመሰው። ጠርቶ ነበር፤ ጨው የለውም። ያንንም ደፋው። ሲደፋው እንደ ሕፃን እየጮኸ ያለቅስ ነበር። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ አንድ በአንድ ተበተነ።

ዘሩን በእጁ ዘራው። በቀለ። ትንሽ ትንሹ ሁለት ቅጠል ሦስተኛ ጨመረ፣ አራተኛ ጨመረ፤ ግንዱ ወፈረ። እንዲያ ያለ አረንጓዴ በዚያ ዓመት በራያ ምድር አልነበረም። የጌጤ ፍየል አንድ ቀን ገባች፤ ትሪውን አሸተተችና ጥላው ወጣች። ችግኙ ባደገ ቁጥር እኔ ወደ ዳሱ መግባት እያቃተኝ መጣ። በድሩ ግን ከዚያ አይነሳም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሱን ለምሳ ልጠራ ዳሱ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ የማላውቀው ረጅም ቁጥር ደወለ።

“እማ?”

“ሰይዳ! ልጄ! የት ነሽ?”

“የመን ነኝ፤ ተሻግረናል። ደህና ነኝ፣ አትስጊ። የሰው ስልክ ነው፤ ነገ ወደ ሳዑዲ ድንበር በእግር ልንነሳ ነው። ዱዓ አድርጉልኝ።” ከኋላዋ ወንዶች ይጮሃሉ፤ ከሩቅ የሚያጓራ ነገር አለ።

“ልጄ፣ ተመለሽ!”

“በምን እማ? ጀልባው ያመጣል እንጂ አይመልስም። ያለው መንገድ ወደፊት ነው።”

ትንፋሿን እሰማለሁ። ከዚያ ቀስ ብላ “እማ፣ ያች ጡብ… ሞከራችኋት?” አለችኝ።

በድሩ ተነስቶ ጆሮውን ከስልኩ አስጠግቶ ነበር። ሰማት። እንባው እየወረደ እጁን ዘረጋ፤ “ስጭኝ፣ እኔ ልንገራት” ይለኛል በሹክሹክታ። ችግኙን አየሁት፤ ከጉልበቴ ሥር አረንጓዴው ተደርድሯል። በቅሏል ብላት በእጇ ታሳብባለች። እሱ እውነቱን ቢነግራት አባቴ ነው ትላለች። እንዲያም ሆነ እንዲህ፣ ለካ መቅረት እችል ነበር ትላለች። ይሄን ይዛ እንዴት አድርጋ ያን በረሃ ትሄዳለች? ተኩስ መሃል የሚሄድ ሰው ወደ ኋላ ማየት የለበትም። ለባሌ ጀርባዬን ሰጠሁት።

“አልበቀለችም ልጄ” አልኳት።

“አንድም?”

“አንድም። አባትሽ በእጁ ነው የዘራት። አንድም አልበቀለችም።”

ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ሰማኋት። “አልሃምዱሊላህ” አለች ልጄ። “አልሃምዱሊላህ እማ። እንግዲያስ የሚቆጨኝ የለም። ለአባም ንገሪው፤ መሬቱ ነው በይው። እሱም አይቆጨው።”

ስልኩ ተቋረጠ። በድሩ የዘረጋውን እጁን ሳያጥፍ እንደቆመ ነው። ያለችውን ሁሉ ሰምቷል። ቆይቶ ጣሳውን አነሳና ችግኙን ማጠጣት ጀመረ።

መተከያው ደርሶ የታችኞቹ ገበሬዎች መጥተው ወሰዱት። አንዱ ችግኙን መዘዝ አድርጎ ሥሩን እያገላበጠ “ይሄን ያፈላው ማን ነው? እጁ በረካ አለው” አለ። በድሩ ወደ ቤት ገባ። አሁን ውዱእ ያደረገበትን ውሃ ደጃፍ ላይ ይደፋዋል። ሎሚዋ ደርቃለች፤ እኔም አልቆረጥኳትም፣ እሱም አልቆረጣት።

ሰይዳ ከዚያ ወዲህ አልደወለችም። በዚያ ሰሞን ከድንበሩ ተኩስ አምልጠው የተመለሱ አሉ ሲባል ወልድያ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ አየናት የሚል የለም። ስልክ ሲጮህ እሮጣለሁ፤ እየሮጥኩም እፈራለሁ። ያች ጡብ እንደበቀለች ከሰው ሰምታ “እማ፣ ለምን ዋሸሽኝ?” ብትለኝ ምን ብዬ እንደምመልስላት አላውቅም። ውሸታም ትበለኝ። ትርገመኝ። ብቻ ትደውል።